አለትን በምልክት መጻፍ፦ ከጅማ ወዳጆች የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው ሳምንት አንድ ሥዕል አጋርቼ ነበር። ከጅማ ወጣ ብሎ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ሥዕል ነው። ጠባብና ረጅም ዓምድ ነው። ውስጡ በነጠብጣብ፣ በሰረዝና በትንንሽ ማዕዘኖች ተሞልቷል። ብዙ ሰው "ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ። አንዳንዱ ተማሪ ነው። አንዳንዱ ካባ ላይ ይሠራል። አንዲት እናት ደግሞ የልጃቸውን የቤት ሥራ አይተው ነው የጠየቁኝ። እኔ ለዓመታት ቁፋሮ ላይ ቆሜ ከመሬት የወጣውን ድንጋይ ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝ። "ጥያቄ ያላችሁ ላኩ" አልኩ። የመጣው ከጠበቅኩት በላይ ነው። ተመሳሳዮቹን አጣምሬ፣ የቀሩትን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ምልክት ምን ያደርጋል? "ባዛልት"፣ "አሸዋ ድንጋይ" ብሎ መጻፍ አይበቃም?

መልስ፦ ለአንድ ጉድጓድ ይበቃ ይሆናል። 20 ጉድጓድ ጎን ለጎን አስቀምጠህ የትኛው ንጣፍ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ስትፈልግ ግን ጽሑፍ አያግዝህም። ዓይንህ እያንዳንዱን ቃል ማንበብ አለበት። ምልክት ከሆነ በአንድ እይታ ትይዘዋለህ። ነጠብጣቡ እዚህ 30 ሜትር ላይ ነው፣ እዚያ 45 ሜትር ላይ ነው፣ እዚያኛው ጋር የለም። በቃ፣ ሞዴል፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለውን አለት የሚያሳይ ምስል፣ መሥራት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ቀለም ይጠፋል፣ ምልክት ግን ይተርፋል። ቀይና አረንጓዴ ለመለየት የሚቸገር ሰውም ምልክቱን ያነባል።

ጥያቄ፦ እነዚህን ምልክቶች የወሰነው ማነው? በዓለም ሁሉ አንድ ናቸው?

መልስ፦ አንድ አይደሉም። በጣም ቅርብ ቅርብ ግን ናቸው። የጀመረው በቀለም ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1815 የእንግሊዝንና የዌልስን የጂኦሎጂ ካርታ ሲያወጣ ለእያንዳንዱ ንጣፍ የተለየ ቀለም ሰጠ። የንጣፉን ግርጌ ደግሞ ጠቆር አድርጎ ቀባው። ይህን የማነሳው ስለምወደው ነው። የትኛው ወገን ታች እንደሆነ በቀለም ብቻ ይነግርሃል። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1881 ቦሎኛ፣ ጣሊያን ላይ የተሰበሰቡ ጂኦሎጂስቶች ቀለም ለዘመን እንዲሆን ተነጋግረው ብዙውን ተስማሙ። ዛሬም ጁራሲክ የሚባለው የመሬት ዘመን ሰማያዊ፣ ክሪቴሸስ የሚባለው አረንጓዴ የሆነው ከዚያ በመጣ ልማድ ነው።

የአለት ዓይነት ምልክቶችን በተመለከተ በብዛት የሚጠቀሰው የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ያዘጋጀው መደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የአገሪቱ መንግሥት ደረጃ ሆኖ ወጣ። እዚያ እያንዳንዱ ምልክት ቁጥር አለው። 607 አሸዋ ድንጋይ ነው፣ 627 ኖራ ድንጋይ ነው። የእንግሊዞቹ የግንባታ ምህንድስና መመሪያ ደግሞ የራሱ አለው። ሥራህ ለማን እንደሆነ አይተህ አንዱን ምረጥ። ከሁለቱ እየቆነጠርክ ግን አትደባልቅ።

ጥያቄ፦ ልጄ እነዚህን ምልክቶች ሸምድጂ ተብላ እየተጨነቀች ነው። መያዣ ዘዴ ካለው ይንገሩን።

መልስ፦ አለ፣ እናቴ። መሸምደድ አያስፈልጋትም። አብዛኛው ምልክት አለቱን ይመስላል። ይህን ካወቀች ግማሹ ሥራ አለቀ።

አሸዋ ድንጋይ ነጠብጣብ ነው። ለምን? አሸዋ ቅንጣት ስለሆነ። አንድ ቅንጣት ከ0.0625 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ አሸዋ ይባላል። ከዚያ በላይ ጠጠር ነው። ጠጠሩ ተጣብቆ ድንጋይ ሲሆን በክብ ክብ ይሳላል፣ ወንዝ ያድበለበለው ስለሆነ። ጠጠሩ ያልተድበለበለ፣ ስለታም ከሆነ ክቡ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። አንድ እጅ ጠጠር ከአዌቱ ወንዝ ዳር፣ አንድ እጅ ደግሞ ከጠጠር መፍጫ አምጥታ ጎን ለጎን ብታያቸው ልዩነቱ በሕይወቷ አይጠፋትም።

ሼል የሚባለው ደግሞ ደቃቅ ጭቃ ተጠቅጥቆ የሚሠራው አለት ነው። እንደ መጽሐፍ ገጽ ስስ ስስ ሆኖ ይለያያል። ስለዚህ በአግድም ሰረዝ ይሳላል። ኖራ ድንጋይ እንደ ጡብ ግድግዳ ነው። በንጣፍ ተቀምጦ ቁልቁል ስለሚሰነጠቅ ከሩቅ ሲታይ ግንብ ይመስላል። የኖራ ድንጋይ ዘመድ የሆነው ዶሎማይት ያው ጡብ ነው፣ ግን የጎን መስመሮቹ ያዘነብላሉ። ሁለቱን መስክ ላይ የምንለየው በአሲድ ነው። በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንድ ጠብታ ኖራ ድንጋይ ወዲያው ይንፈቀፈቃል። ዶሎማይት ካልተፈጨ በቀር ቀስ ይላል። የጡቡ መስመር ማዘንበል እንግዲህ ይህን ልዩነት የሚያስታውስ ነው ብላ ትያዘው።

ግራናይት የመደመር ምልክት ነው። እዚህ ጋ ልብ ትበል። የመደመር ምልክት አቅጣጫ የለውም፣ በየትም ብታዞሪው ያው ነው። ግራናይትም ንጣፍ የለውም። ከመሬት በታች ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ የተጠናከረ ስለሆነ ከላይም ከጎንም አንድ ነው። የድንጋይ ከሰል ድፍን ጥቁር ነው፣ እሱ ማብራሪያ አይፈልግም።

ብዙዎቹን በአንድ ላይ የምታይበት ቦታ ደግሞ አገራችን ውስጥ አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄዱ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። አናቱ ላይ ባዛልት አለ፣ እሳተ ገሞራ የወለደው ጥቁር ድንጋይ፣ ምልክቱ ቪ የመሰለ ማዕዘን ነው። ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ግንብ የመሰለ ወፍራም ኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጅብሰምና ሼል፣ ታች ወንዙ አጠገብ እንደገና አሸዋ ድንጋይ። የታችኛው አዲግራት የሚባለው ነው፣ ኖራ ድንጋዩ አንታሎ። ልጅዎ ወረቀት ይዛ በመኪናው መስኮት እያየች ብትሄድ ማዕዘን፣ ነጠብጣብ፣ ጡብ፣ ሰረዝ፣ ነጠብጣብ እያለች ትጽፋለች። ያ የአገሪቱ የሚሊዮኖች ዓመታት ታሪክ በአንድ ዓምድ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ግን ኖራ ድንጋይም አሸዋ ድንጋይም አናይም። ጅማ ሁሉም ጥቁር ድንጋይ ነው። ታዲያ አንድ ምልክት አይበቃንም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

እውነት ነው፣ የጅማ ዙሪያ በብዛት እሳተ ገሞራ የወለደው አለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የኢትዮጵያ ጂኦሎጂ ካርታ ሁለተኛ እትም ላይ "የጅማ እሳተ ገሞራ አለቶች" ተብሎ በከተማችን ስም የተሰየመ ክፍል አለ። የታችኛው ክፍሉ በአብዛኛው ባዛልት ነው። የላይኛው ክፍሉ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያላቸው፣ ሪዮላይትና ትራካይት የሚባሉ አለቶችና የተጠቀጠቀ የእሳተ ገሞራ አመድ ይበዛበታል። ስለዚህ "ሁሉም ጥቁር ድንጋይ" የሚለው ከመነሻው ልክ አይደለም። አመድ የወለደው ነጣ ያለ ድንጋይ ለግንብ ተጠርቦ ሳታዩት አትቀሩም።

ባዛልቱ ራሱም አንድ አይደለም። በብዙ ቦታ እሳተ ገሞራ አለት የሚሳለው በ"ቪ" ምልክት ነው። ቁጥር በዐረብኛ የምታነቡ ሰባት በሉት፣ ቅርጹ ያው ነው። ታዲያ ባዛልት አየሁ ብሎ ከላይ እስከ ታች "ቪ" እየደረደሩ መሄድ ቀላል ነው። ስህተቱም እዚያ ላይ ነው።

የቀለጠው አለት አንዴ ፈስሶ አላቆመም። ይፈሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ዘመን ያልፋል፣ ላዩ ይበሰብሳል፣ አፈር ይሆናል። ከዚያ ሌላ ይፈሳል። የታችኛውን አፈር አቃጥሎ ቀይ ጡብ ያስመስለዋል። ስለዚህ አንድ ጉድጓድ ሲቆፈር ተራ በተራ የሚወጣው ይህ ነው፦ የበሰበሰ ባዛልት፣ ጠንካራ ባዛልት፣ የተሰነጣጠቀ ባዛልት፣ እንደ ቀይ አሽ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ክፍል፣ ከዚያ ቀይ የተቃጠለ አፈር፣ ከዚያ እንደገና ባዛልት። ውሃው ያለው ጠንካራው ውስጥ አይደለም። ስንጥቁና ቀዳዳው ውስጥ ነው። ቀዩ አፈር ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሃ ይይዛል እንጂ አያሳልፍም፣ ሸክላ ስለሆነ።

አንድ ጊዜ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አንድ መንደር ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃው ገና በጥቂት ወራት ቀነሰ። እዩልን ተባልኩ። የቁፋሮውን ሥዕል ስጠይቅ ከ12 ሜትር ጀምሮ እስከ ጉድጓዱ መጨረሻ ድረስ "ቪ" ብቻ ነው። አንድ ምልክት። ደግነቱ ስብርባሪው በየሜትሩ በከረጢት ተቀምጦ ነበር። ቁጭ ብዬ አጥቤ አየሁት። መሀል ላይ ቀይ ሸክላ አለ። ከእሱ በላይ ደህና አድርጎ ቀዳዳ ያለው፣ ውሃ የሚያፈስ ክፍል አለ። ውሃ የሚያስገባው ስክሪን የተቀመጠው ግን ከታች፣ ጠንካራው አለት ላይ ነው። ስክሪኑን ያስቀመጠው ሰው ሥዕሉን አምኖ ነው። ሥዕሉ "ሁሉም አንድ ነው" ብሎታል። እሱ ምን ያድርግ? እስከ ዛሬ ያ ሥዕል ያንገበግበኛል። የዛሬ ትምህርቴ ሁሉ ከዚያ ከረጢት ነው የመጣው ብል አላጋነንኩም።

እኔ ምን አደርጋለሁ? ዋናውን "ቪ" አልቀይርም፣ አለቱ ባዛልት ነውና። ተጨማሪ እሰጠዋለሁ። ለተሰነጣጠቀው "ቪ" ላይ አጫጭር የተዘበራረቁ መስመሮች እጨምራለሁ። ቀዳዳ ላለው "ቪ"ው መሀል ትንንሽ ክፍት ክቦች። ለበሰበሰው "ቪ"ውን አራርቄ መሀሉን በሰረዝ እሞላለሁ፣ ወደ ሸክላ እየሄደ ስለሆነ። ለቀዩ አፈር ሰረዝ ብቻ፣ ከጎኑ "ቀይ፣ የተቃጠለ" የሚል ማስታወሻ። ከዚያ ሁሉንም መግለጫው ላይ፣ ማለትም የምልክቶቹ ትርጉም በሚጻፍበት የሥዕሉ ጎን፣ አስፍራለሁ። የትም መጽሐፍ ላይ እንዲህ አልተጻፈም ቢሉኝ ግድ የለኝም። መግለጫው ላይ እስካለ ድረስ አንባቢው ይረዳዋል።

ጥያቄ፦ ካባ ላይ ነው የምሠራው። የመጣው ባለሙያ ካባችንን ሲስል አንዱን ድንጋይ በሁለት ምልክት ከፈለው። ለእኔ ያው ድንጋይ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መዶሻህ ያውቀዋል። አንደኛው ሲመታ ይጮሃል፣ ሌላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ባዛልት ሲበሰብስ እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ይሄዳል፣ መሀሉ ኳስ የመሰለ ጠንካራ ይቀራል። ላዩ ለኮንክሪት ጠጠር አይሆንም፣ ለመንገድ መሙያ ገረጋንቲ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው የከፈለው ለዚህ ይመስለኛል። ስንት ሜትር ኪዩብ ጥሩ ድንጋይ እንዳለህ የምታሰላው በዚያ መስመር ነው። መስመሩ ልክ መሆኑን ካልተቀበልክ አብራችሁ ሂዱና በመዶሻ ፈትኑት።

ጥያቄ፦ ቀለምና ምልክት ሁለቱም ካሉ የትኛው ምን ይናገራል? ሁሌ ይደባለቅብኛል።

መልስ፦ በካርታ ላይ ቀለም ብዙ ጊዜ ዘመንን ወይም ክፍሉን ይናገራል፣ ምልክት የአለቱን ዓይነት። ሁለት አሸዋ ድንጋዮች በሚሊዮኖች ዓመታት ቢለያዩ ሁለቱም ነጠብጣብ ናቸው፣ ቀለማቸው ግን ይለያያል። አባይ በረሃ ላይ የላይኛውና የታችኛው እንዲህ ናቸው። በዓለም አቀፉ የዘመን ሰንጠረዥ የእኛ የጅማ ባዛልት የሚወድቅበት ዘመን ብርቱካንማ ነው። ስለዚህ ካርታ ላይ ብርቱካንማ ከ"ቪ" ጋር ብታይ አትገረም። ብርቱካኑ መቼ እንደሆነ ነው፣ "ቪ"ው ምን እንደሆነ።

ጥያቄ፦ የዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ በደልቢ ሞዬ የድንጋይ ከሰል ዙሪያ ነው። ከሰሉ በሥዕሌ ላይ አይታይም፣ በጣም ቀጭን ይሆንብኛል።

መልስ፦ ጥሩ ቦታ ነው የመረጥሽው። ደልቢ ሞዬ የእኛው ጅማ ዞን ውስጥ ነው፣ ከሰሉና ዘይት ያዘለው ሼል በእሳተ ገሞራ አለቶች መሀል ተቀብረው ነው ያሉት። ማለትም "ቪ"፣ ከዚያ ሰረዝና ጥቁር፣ ከዚያ እንደገና "ቪ" ታገኛለሽ። ለሥዕል በጣም ያምራል።

ችግርሽ ግን የመጠን ነው። አንድ ሜትር ውፍረት ያለው ከሰል በ1 ለ2,000 መጠን 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። እዚያ ውስጥ ምንም ምልክት አይገባም። ሁለት ምርጫ አለሽ። አንዱ ከሰሉን ድፍን ጥቁር መስመር አድርገሽ "ውፍረቱ ከመጠን በላይ ጎልቶ ተስሏል" ብለሽ መጻፍ ነው። ሌላው ዋናውን ሥዕል እንዳለ ትተሽ፣ ከጎን በ1 ለ100 ዓምድ መሳል ነው። በዚህ መጠን ያው አንድ ሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ሰረዙም ጥቁሩም ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ። አማካሪሽ አንዱን ብቻ ከጠየቀ ዓምዱን ስጪ።

ጥያቄ፦ ሴክሽን፣ ማለትም መሬቱ ቁልቁል ተቆርጦ ከጎን ሲታይ፣ ስስል ንጣፎቹ ያዘነበሉ ናቸው። የኖራ ድንጋዩን ጡብ አግድም ነው ወይስ አዘንብዬ የምስለው?

መልስ፦ አዘንብለው! ጡቡ ንጣፉን መከተል አለበት። የሼሉም ሰረዝ እንዲሁ። ንጣፉ ቁልቁል እየሄደ ጡቡ አግድም ቢቀር፣ አንባቢው ንጣፉ አግድም የሆነ ይመስለዋል። ግራናይትን ግን እንዳለ ተወው፣ አቅጣጫ የለውም ብለናል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችሁ ሴክሽኑ ጎልቶ እንዲታይ ቁመቱን ብቻ ትጎትታላችሁ። ልክ ነው፣ ይቻላል። ግን 10 ዲግሪ ያዘነበለ ንጣፍ ቁመቱ 5 እጥፍ ሲጎተት 41 ዲግሪ ይመስላል። ምልክቱንም በዚያው አንግል ነው የምትስሉት፣ አለበለዚያ ሥዕሉ እርስ በርሱ ይጋጫል። ስንት እጥፍ እንደጎተታችሁ ደግሞ ሥዕሉ ሥር መጻፍ ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ነው የምሠራው። ስጠጋ ነጠብጣቡ ይገዝፋል፣ ስርቅ ይጠፋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መለኪያህን እይ። የምልክቱ መለኪያ በካርታ ርቀት ከተሞላ ከካርታው ጋር አብሮ ያድጋል፣ ያንሳል። ወደ ሚሊ ሜትር ቀይረው። ነጠብጣብና ሰረዝ ለመሥራት ፖይንት ፓተርን ፊልና ላይን ፓተርን ፊል የሚሉት ይበቁሃል። ጡብና "ቪ" ከፈለግህ ኤስቪጂ የሚባል የሥዕል ፋይል አስገባ፣ ራስህም መሳል ትችላለህ። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ ገንዘብ የለኝም ብሎ የሚቀር የለም።

ጥያቄ፦ ባለ ሦስት አቅጣጫ ሞዴል ሠራሁ። ምልክቶቹን ላያቸው ላይ ልጥፍ?

መልስ፦ አልመክርህም። ምልክት ለጠፍጣፋ ወረቀት የተፈጠረ ነው። በታጠፈ ገጽ ላይ ስትለጥፈው ይለጠጣል፣ ነጠብጣቡ መስመር ይሆናል፣ ጡቡ ይጣመማል። በሞዴል ውስጥ ቀለምና ኮድ ይበቃል። ሞዴሉን ቆርጠህ ሴክሽን ስታወጣ ያኔ ምልክቱን መልስ።

ሞዴል ላይ የበለጠ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ኮዱን። የሞዴል መሥሪያ ፕሮግራሞቹ፣ ሊፕፍሮግም ሆነ ነፃው ጄምፓይ፣ አለቱን አያውቁም። የሚያውቁት ሰንጠረዥህ ላይ የጻፍከውን ፊደል ነው። አንዱ ጉድጓድ ላይ የባዛልትን ስም በትልቅ ፊደል ብትጀምር፣ ሌላው ላይ በትንሽ፣ ሦስተኛው ላይ ከኋላው ክፍት ቦታ ብትተው፣ ብዙ ጊዜ ሦስት የተለያዩ አለቶች ሆነው ይገባሉ። ስምንት አለት ያለው አካባቢ ሃያ አለት ሆኖ ያየሁበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ቁፋሮ ሳይጀመር አንድ ገጽ የኮድ ሰንጠረዥ አዘጋጁ። አንድ አለት፣ አንድ ኮድ፣ አንድ ምልክት፣ አንድ ቀለም። ሠራተኛው ሁሉ ያንን ገጽ ይያዝ። አዲስ ነገር ከወጣ ሰንጠረዡ ላይ ተጨምሮ ለሁሉም ይነገር። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰንጠረዥ ከማጽዳት ያድናል።

ጥያቄ፦ በሁለት ጉድጓድ መሀል ያለውን እንዴት አውቀን እንሞላዋለን? መሀሉን ያየው የለም እኮ።

መልስ፦ የለም። ስለዚህ ያላየነውን እንዳላየነው አድርገን መሳል አለብን። ለእኔ ከምልክቶች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። በአለቶች መሀል ያለው ድንበር በዓይን የታየ ከሆነ ያልተቆረጠ መስመር ነው። በግምት የተቀመጠ ከሆነ ቁርጥራጭ ሰረዝ። በአፈር ወይም በሌላ ነገር የተሸፈነ ከሆነ ነጠብጣብ። መኖሩ ራሱ የሚያጠራጥር ከሆነ በመስመሩ ላይ የጥያቄ ምልክት ይገባል። አለቱ ተሰንጥቆ የተንሸራተተበት ቦታ፣ ማለትም ፎልቱ፣ ወፍራም መስመር ነው፣ እሱም በዚሁ ሕግ ይሄዳል።

አንዳንድ ተማሪ ጥያቄ ምልክት ማስገባት ያፍራል። "አላወቀም" እንዳይባል። እባካችሁ ይህን ተዉት። ሥዕሉን አንብቦ ገንዘብ የሚያወጣው፣ መሬት ውስጥ የሚገባው ሌላ ሰው ነው። ቅርባችን ያለውን እንይ። የግልገል ጊቤ ሁለት ዋሻ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አብዛኛው በማሽን ተሰርስሮ በተራራ ሥር ያለፈ። እ.ኤ.አ. በ2006 ማሽኑ የፎልት ቀጠና ውስጥ ገብቶ ጭቃ በከፍተኛ ግፊት ገፍቶ አስቆመው። ይህን ያህል ረጅም መንገድ ከመሬት በላይ ሆኖ በሙሉ ማየት አይቻልም፣ ማንንም ለመውቀስ አላነሳሁትም። ከመሬት በታች ያልታየ ሜትር ምን ሊይዝ እንደሚችል እንድናስብ ነው። ሰረዝ መስመር ስታዩ እዚያ ጋ አንድ ተጨማሪ ጉድጓድ ቆፍሩ የሚል ጥሪ አድርጋችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ ለሲቪል ምህንድስና ተማሪ የአፈር ምልክትም ይኸው ነው? ቦዬ አካባቢ ጥቁር አፈር ነው የምንፈትነው።

መልስ፦ ይቀራረባል። ሸክላ ሰረዝ፣ አሸዋ ነጠብጣብ፣ ጠጠር ክብ። ግን በአፈር ሥራ ላይ ዋናው የፊደል ኮዱ ነው፣ በላብራቶሪ ውጤት ይወሰናል። ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ስለሆነ ሰረዙ ብቻውን አይበቃም። "የሚያብጥ" የሚል ቃል ከጎኑ ጻፉ።

ጥያቄ፦ መግለጫውን በአማርኛ ብንጽፈው ከደረጃ በታች ይሆናል?

መልስ፦ ለምን ሆኖ? ምልክቱ ቋንቋ የለውም፣ መግለጫው ግን አንባቢውን ማወቅ አለበት። ለውሃ ኮሚቴ የሚሰጥ ሥዕል ከሆነ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጻፉት። ገበሬው "ዸጋ ጉራቻ" ሲል ጥቁሩን ድንጋይ፣ "ቢዬ ዲማ" ሲል ቀዩን አፈር ማለቱ ነው፣ መሬቱን ደግሞ ከእኛ በፊት ያውቀዋል። አንድ ጊዜ መግለጫውን በሁለቱም ቋንቋ ጽፌ ሳሳያቸው አንድ አባት ጣታቸውን ሰረዙ ላይ አድርገው "ይሄ ቀይ አፈር የእኔ እርሻ ሥር አለ፣ ልጄ ሽንት ቤት ሲቆፍር ያገኘው ነው" አሉኝ። ሄደን አየነው። ልክ ነበሩ። ሞዴሌ ላይ አንድ ነጥብ ጨመርኩ፣ በነፃ።

ለኮምፒዩተሩ ኮድ ግን የላቲን ፊደል ይቀላችኋል። አንዳንድ ፕሮግራም ፊደላችንን ሲያይ ባዶ ሳጥን ይሰጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ገና ምንም አልሳልኩም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከመንገድ ቁርጥ። ከከተማ ስትወጣ መንገዱ ኮረብታውን የቆረጠበት ቦታ ሞልቷል። ቁመቱ 4 ሜትር የሚሆን ምረጥ። መኪና ከሚያልፍበት ራቅ ብለህ ቁም፣ ጓደኛ ይዘህ ሂድ። ሜትር፣ እርሳስ፣ ባለ ካሬ ደብተር ይብቃህ። መጠንህን 1 ለ50 አድርግ፣ 4 ሜትሩ 8 ሳንቲ ሜትር ይሆንልሃል። ከሥር ወደ ላይ ሂድ። መጀመሪያ የምታየውን በቃላት ጻፍ፦ ቀለሙን፣ ጥንካሬውን፣ ቀዳዳውን፣ ስንጥቁን። ምልክቱን አታስቀድም። ምልክቱን ካስቀደምክ ዓይንህ ምልክቱን የሚመስለውን ብቻ ይፈልጋል። ቃሉን ከጨረስክ በኋላ ለእያንዳንዱ ምልክት ምረጥ፣ መግለጫ ሥራ፣ የሰሜን አቅጣጫና ቀኑን ጻፍ። ላዩ ቀይ አፈር፣ ከሥሩ የበሰበሰ፣ ከሥሩ ኳስ ኳስ የመሰለ ባዛልት ብታገኝ አይግረምህ፣ እዚህ አካባቢ ብዙው እንዲህ ነው።

ስትጨርስ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን ቁርጡንም አንሳው፣ ጎን ለጎን አድርጌ አየዋለሁ።